2,147,483,647፦ ከ31 አንዶች የተሠራው ቁጥር

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ስታዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም። አሃዞቹ ዝም ብለው የተደረደሩ ይመስላሉ። ጌም የሚወዱ ልጆች ግን ያውቁታል። በአንዳንድ ጨዋታዎች የሰበሰቡት ሳንቲም እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳታቤዝ የሚሠሩ ወጣቶችም ያውቁታል። እነሱ የሚተዋወቁት ብዙ ጊዜ ሥራቸው ሲበላሽ ነው።

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር ከሚማሩ ልጆች ጋር ስቀመጥ ይህ ቁጥር ደጋግሞ ይነሳል። ታሪኩም ተቀራራቢ ነው። ልጁ ለአንድ ሱቅ የደንበኞች መመዝገቢያ ይሠራል። ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ። ስልኩን እንደማንኛውም ቁጥር ያስቀምጠዋል። በ9 ወይም በ7 የሚጀምረውን ባለ ዘጠኝ አሃዝ ስልክ ሲያስገባ ሁሉም ሰላም ነው። የአገር ኮዱን 251 ጨምሮ ሲያስገባ ግን ጉድ ይፈላል። የፍራንኮው ደንበኛ ስልክ 2147483647፣ የፖስታ ቤቱም 2147483647፣ ከሞጆ የመጣውም 2147483647። ልጁ ቫይረስ የገባ ይመስለዋል።

ቫይረስ የለም። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ጥብቅ እንዲሆን ካልታዘዘ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቁጥር ሲሰጡት አይመልሰውም። መያዝ የሚችለውን የመጨረሻ ትልቅ ቁጥር ጽፎ ያልፋል። 251 የተጨመረበት ስልክ ደግሞ ከ251 ቢሊዮን በላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስልክን እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ። ስልክ ቁጥርን የሚደምር ወይም የሚያባዛ ሰው የለም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዛሬ በየስልካችንና በየኮምፒውተራችን ውስጥ ገደብ ሆኖ የተቀመጠውን ይህን ቁጥር፣ ኮምፒውተር ከመሠራቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ አንድ ዓይነ ስውር ለመሆን የቀረበ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ መርምሮታል። ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነም አውቆታል። ያን ያወቀበት መንገድ በጣም የሚያምር ስለሆነ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

ከአሠራሩ እንጀምር። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስንሄድ ቦታዎቹን አንድ፣ አሥር፣ መቶ፣ ሺህ እንላለን። እሱ ዘንድ ቦታዎቹ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ቦታ በቀኙ ካለው እጥፍ ነው። ለአንድ ቁጥር 32 ቦታ ወይም 32 ቢት ሲመደብ፣ አንዱ ቦታ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ለመለየት ይያዛል። 31 ቦታ ይቀራል። በ31ዱም ላይ 1 ሲጻፍ ትልቁ ቁጥር ይገኛል።

ስንት ይሆናል? 1 እና 2 ሲደመሩ 3፤ ከ4 በአንድ ያንሳል። 4 ሲጨመር 7፤ ከ8 በአንድ ያንሳል። 8 ሲጨመር 15፤ ከ16 በአንድ ያንሳል። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው። ስለዚህ 31 አንዶች ማለት 31 ሁለቶችን አባዝቶ አንድ መቀነስ ነው። በክፍል ውስጥ አጠራር 2 ፓወር 31 ሲቀነስ 1። ብዜቱ 2,147,483,648 ይመጣል፤ አንድ ስንቀንስለት የኛ ቁጥር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ የአንድ ኮሪያዊ ዘፋኝ ቪዲዮ በዩቲዩብ የታየበት ብዛት ወደዚህ ገደብ ተጠጋ። ኩባንያው የተመልካች ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን በዚያ ሰሞን አሳወቀ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ተማሪዎች ፕራይም የሚሉት። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። ይህን ሰምቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብሎ «በምን አወቃችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ።

ትንንሾቹን አካፋዮች መሞከር ቀላል ነው። ቁጥሩ በ7 ስለሚያልቅ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 46 ይመጣሉ። 46 ለ3 አይካፈልም፤ ስለዚህ ቁጥሩም አይካፈልም። ለ7 ስንሞክረው ደግሞ ረጅሙን ማካፈል መሥራት እንኳ አያስፈልግም። ሦስት ሁለቶች ሲባዙ 8 ናቸው፤ 8 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። በ31 ሁለቶች ውስጥ አሥር ባለ ሦስት ቡድን አለ፣ አንድ ሁለት ለብቻው ይቀራል። ስለዚህ የ2 ፓወር 31 ቀሪ 2 ነው። አንድ ሲቀነስ 1። ለ7ም አልተካፈለም።

እስከየት ድረስ እንሞክር? እስከ ስኩዌር ሩቱ። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጥ አይችልም። የኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት ከ46,340 ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በታች 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አንዱን በወረቀት ማካፈል አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ጠቅላላው ወደ 400 ሰዓት ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሃምሳ ቀን ነው። በመሃል አንድ ቦታ ከተሳሳተ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ።

በ1644 እ.ኤ.አ. ማሪን ሜርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ዝርዝር አወጣ። 2ን ስንት ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ ብቸኛ ቁጥር እናገኛለን የሚል ዝርዝር ነው። እስከ 257 ድረስ ሄዷል። 31 በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ማረጋገጫ ግን አላቀረበም፤ በኋላ ሲጣራም 67 እና 257 ያለቦታቸው የገቡ፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ የተረሱ ሆነው ተገኙ። እንዲያም ሆኖ እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

ሜርሴንም ሆነ ሌሎች በደንብ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። የአንዶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ፣ ቁጥሩም ብቸኛ አይሆንም። ስድስት አንዶችን ጽፋችሁ እዩት፦ 111111። ይህ 111 ሁለቴ ተደግሞ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ለ111 ይካፈላል። በኛ አጻጻፍ 63 ለ7 ይካፈላል ማለት ነው። 31 አንዶችን ግን ወደ እኩል ቡድኖች መክፈል አይቻልም። ይሁንና ይህ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። 11ም አይከፈልም፤ 11 አንዶች የሚሰጡን 2,047 ግን 23 ሲባዛ በ89 ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄውን የዘጋው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። የስዊዘርላንድ ሰው ነው፤ ያኔ የሚኖረው በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ዓመቱ 1772 እ.ኤ.አ. ነው። ዕድሜው ወደ 65 ተጠግቷል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ለሂሳብ ሊቁ ቤርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን እንዳጣራ ገለጸ። 4,792ቱን ሁሉ አልሞከረም። መጀመሪያ ያደረገው ነገር አካፋይ ቢኖር ምን መልክ ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ነው።

ሐሳቡን በትንሿ 2,047 ላይ እንየው። 2ን ደጋግመን እናባዛ፤ በየደረጃው ለ23 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንያዝ። 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይመጣሉ። ቀጥሎ 32 ነው፤ ለ23 ሲካፈል 9 ይተርፋል። ከዚያ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ 1። አሥራ አንደኛው ላይ 1 መጣ። ከ1 በኋላ እንደገና 2፣ 4፣ 8 እያለ ይዞራል። የዙሩ ርዝመት 11 ነው። ቀሪው 1 የሚሆነው ዙር በሞላ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ።

በዚህ ላይ በ1640 እ.ኤ.አ. ፒየር ደ ፈርማ ያስቀመጠውን ሕግ እንጨምርበት። አካፋዩ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ይሁን። ከእሱ አንድ ቀንሱ። ያን ያህል ሁለቶች ስታባዙ ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው። ለ23 ሲሆን 22 ሁለቶች ናቸው። ዙሩ 11 ስለሆነ ሁለት ዙር ሞላ፤ ሕጉም ሠራ።

እንግዲህ አንድ ብቸኛ ቁጥር 2,147,483,647ን አካፈለ እንበል። ያን ጊዜ 31 ሁለቶች ለእሱ ሲካፈሉ 1 ይተርፋል። ስለዚህ በ31 እርምጃ ውስጥ ዙሮቹ ሳይጎድሉ መሙላት አለባቸው። 31 ግን የሚካፈለው ለ1 እና ለ31 ብቻ ነው። ዙሩ 1 ሊሆን አይችልም፤ መጀመሪያውኑ ቀሪው 2 ነውና። ስለዚህ ዙሩ 31 ነው። በፈርማ ሕግ ደግሞ አካፋዩ አንድ ሲቀነስለት በሙሉ ዙሮች ይሞላል፤ ማለትም ለ31 ይካፈላል። አካፋዩ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ አንድ ሲቀነስለት ለ2ም ይካፈላል። በአንድ ላይ ለ62 ይካፈላል። እንግዲህ ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ከ62 ብዜት በአንድ የሚበልጥ መሆን አለበት። የ2,047 አካፋዮችን መለስ ብላችሁ እዩ። 23 ከ22 በአንድ ይበልጣል፤ 89 ደግሞ ከ88።

ይህን ማረጋገጫ የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለ ችግር ይከተለዋል። ከማካፈልና ከቀሪ በላይ ምንም አልተጠቀምንም። መምህራን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡት በጣም ደስ ይለኛል።

ኦይለር አንድ ማጣሪያ ጨመረ። 31 ሁለቶች ቀሪያቸው 1 ከሆነ፣ 32 ሁለቶች ቀሪያቸው 2 ነው። 32 ሁለቶች ደግሞ 16 ሁለቶች በራሳቸው ሲባዙ ናቸው። ስለዚህ ለዚያ አካፋይ አንድ ቁጥር ስኩዌር ሲደረግ ቀሪው 2 ይሆናል። ይህ የሚሆነው ለ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 ለሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ማሳየት ረዘም ስለሚል እዚህ አልገባበትም። ሁለቱ ማጣሪያዎች ሲገናኙ፣ አካፋዩ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 ብቻ ሊተርፈው ይችላል።

አሁን ቁጠሩ። 63 ራሱ ብቸኛ ስላልሆነ ይውጣ። ከ46,340 በታች የቀሩት ተጠርጣሪዎች 372 ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወዲያው ይወድቃሉ። 249 ለ3 ይካፈላል፣ 497 ለ7፣ 559 ለ13፣ 745 ለ5። ሳይወድቁ የሚቀሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብቸኛ ቁጥሮች 311፣ 1,303 እና 1,489 ናቸው። የስልካችሁን ካልኩሌተር ከፍታችሁ ሞክሩ። ለ311 ሲካፈል 35 ይተርፋል። ለ1,303 ሲካፈል 226፣ ለ1,489 ሲካፈል 199። ኦይለር እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ። አንዱም አላካፈለውም። ቁጥሩ ብቸኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በዓለም የሚታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ይህ ነበር።

ጎረቤቶቹም የሚታዩ ናቸው። በላዩ ያለው 2,147,483,648 ከሁለት በቀር ምንም ብቸኛ አካፋይ የለውም። በታቹ ያለው 2,147,483,646 ደግሞ 2፣ 3፣ 3፣ 7፣ 11፣ 31፣ 151 እና 331 ሲባዙ የሚገኝ ነው፤ 192 አካፋዮች አሉት። በ1969 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሠፈር ለዕጣ መሰል ቁጥሮች ማመንጫ ተጠቀሙበት። አንድ ቁጥር ይዘህ በ16,807 ታባዛለህ፣ ለ2,147,483,647 አካፍለህ ቀሪውን ትይዛለህ፣ ያንኑ ትደግማለህ። ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ሁሉ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ሳይነካ ወደ መነሻው አይመለስም። ይህ እንዲሆን አካፋዩ ብቸኛ መሆን ነበረበት።

ከዚህ ቁጥር የሚወለድ ሌላ ትልቅ ቁጥርም አለ። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው። 6 እንዲህ ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6። 28ም እንዲሁ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። የጥንቱ ግሪካዊ ኤውክሊድ መሥሪያውን አሳይቷል። ከአንዶች ብቻ የተሠራ ብቸኛ ቁጥር ያዝ፤ በራሱ የመጨረሻ ቦታ ዋጋ አባዛው። 3 በ2 ሲባዛ 6 ነው። 7 በ4 ሲባዛ 28። 31 በ16 ሲባዛ 496።

የኛን ቁጥር በ1,073,741,824 ስናባዛው 2,305,843,008,139,952,128 ይወጣል። ይህ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው። በ0 እና በ1 ሲጻፍ 31 አንዶች ይቀድማሉ፣ 30 ዜሮዎች ይከተላሉ። ፍጹም መሆኑን ለማየትም መደመር ብቻ ይበቃል። አካፋዮቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን 1፣ 2፣ 4 እያለ እስከ 1,073,741,824 ይሄዳል፤ ድምሩ ያው 2,147,483,647 ነው። ሁለተኛው ወገን 2,147,483,647 በ1፣ በ2፣ በ4 እየተባዛ እስከ 536,870,912 ይሄዳል። የማባዣዎቹ ድምር 1,073,741,823 ነው። የመጀመሪያው ወገን አንዱን ሲጨምርበት ልክ 1,073,741,824 ጊዜ ሆነ።

እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም ብሎ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ከማስገረም በቀር ጥቅም ስለሌላቸው ማንም አይደክምባቸውም የሚል ምክንያት ሰጠ። ኤድዋር ሉካ ግን በ1876 እ.ኤ.አ. 127 አንዶች ያሉት ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ 39 አሃዝ አለው። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ደግሞ 136,279,841 አንዶች አሉት፤ በኛ አጻጻፍ 41,024,320 አሃዝ ይሆናል። የሰው ልጅ «ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይጠብቅ መፈለጉን እወድለታለሁ።

አሁን ወደ ምድር እንውረድ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው የተጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው። በኛ ሰዓትና ቀን ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ቆጠራውን በ32 ቢት የሚይዝ መሣሪያ 2,147,483,647ኛው ሰከንድ ላይ ሲደርስ ቦታ ያልቅበታል። ያ ሰከንድ የሚውለው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት ጠዋት። አዳማ ላይ ሕዝቡ ታቦታቱ ባደሩበት ጸበል ለመረጨት በሚሰበሰብበት ሰዓት አካባቢ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ሰከንድ ላይ አንድ ሲጨመር 31ዱ አንዶች ወደ ዜሮ ይለወጣሉ። ምልክት የተያዘበት ቦታ ላይ 1 ይጻፋል። ቁጥሩ ኔጋቲቭ 2,147,483,648 ይሆናል። ያልተስተካከለ መሣሪያ ቀኑን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ዘመኑ የአፄ ምኒልክ ነው። የጅቡቲው ባቡር ገና ድሬዳዋ አልደረሰም፤ ከባቡሩ ጋር ያደገችው አዳማ ጋ ሊደርስ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀረዋል።

አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ጊዜን በ64 ቢት ይይዛሉ። የሚያሳስቡት የቆዩ ፕሮግራሞችና በማሽኖች ውስጥ የተቀበሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። ተክለን የምንረሳቸው፣ ማንም ከፍቶ የማያያቸው። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ቀንን በ32 ቢት እንዳያስቀምጥ ከወዲሁ ቢማር፣ ያን ጠዋት ለጥገና የሚጠራ ሰው ይቀንሳል።

በ64 ቢት ሲሆን አንዱ ቦታ ለምልክት ይያዛል፣ 63 አንዶች ይቀራሉ። ገደቡ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ በሰከንድ ሲቆጠር ወደ 292 ቢሊዮን ዓመት ይወስዳል። ይህ አዲሱ ገደብ ብቸኛ ቁጥር ይሆን? ካልኩሌተር አያስፈልግም። 63 አንዶችን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ክፈሏቸው፤ 21 ቡድን ይወጣል፣ ስለዚህ 7 ያካፍለዋል። ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ክፈሏቸው፤ ዘጠኝ ቡድን ይወጣል፣ ስለዚህ 127ም ያካፍለዋል። ሙሉ በሙሉ ሲበተን 7፣ 7፣ 73፣ 127፣ 337፣ 92,737 እና 649,657 ሆኖ ያልቃል።